አናፖሊስ ልንመሰክር የሄድን ዕለት

ይህ የሆነው ኢኮኖሚው ወድቆ ሰው ሁሉ ከሥራ ይቀነስ በነበረበት ሰሞን ነው። ዓመታት ቢያልፉም ሳስታውሰው ዛሬም ልቤ ይመታል። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ባለሥልጣን ፊት ቆሜ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የተናገርኩት ደግሞ ልደግፋቸው የሄድኩትን ሰዎች የሚያሳጣ ነገር ነበር።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ቤት ነው። የልጅ ልጄ ሰብለ ያኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነርስነት ለመማር ትጣጣር ነበር። ነርሲንግ ለመግባት መጀመሪያ የላቦራቶሪ ትምህርት መውሰድ ግድ ነው። ላቦራቶሪው አሮጌና ጠባብ ስለሆነ ልትመዘገብ ስትል "ሞልቷል" ይሏታል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ተመለሰች። አሁንም ካልገባች ትምህርቱን ትታ ሙሉ ቀን ልትሠራ ቆርጣለች። አባቷ ታክሲ ነጂ ነው፤ ዝም ብላ የምትጠብቅበት አቅም አልነበረንም።

ዩኒቨርሲቲው አዲስ የሳይንስ ሕንፃ ለመሥራት ከስቴቱ ገንዘብ ሲጠይቅ ቆይቷል። በየዓመቱ "ለከርሞ" ይባላል። በዚያ ዓመት ተማሪዎቹ አውቶቡስ ተከራይተው የስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ፣ ምክር ቤቱ ድረስ ሄደው ድጋፋቸውን ሊያሳዩ ተነሡ። በዋዜማው ሰብለ ስልክ ላይ ዋለች። ፈተና ስለደረሰ የሚሄድ ሰው ጠፍቷል።

"ባዶ ባስ ይዘን ልንሄድ ነው" አለችኝ።

"እኔ እሄዳለሁ" አልኳት።

"እማማ፣ አንቺ ስቱደንት አይደለሽም።"

"ተማሪዋን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ይበቃል።"

ወዲያው ለጓደኛዬ ለአስካለ ደወልኩ። አስካለ እዚሁ አጠገባችን ዊተን የምትኖር፣ ቤት መዋል የማትወድ ሴት ናት። ለምን እንደምንሄድ እንኳ ሳትጠይቅ "በስንት ሰዓት ልምጣ?" አለች።

ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ስም ያለበት ቢጫ ካናቴራ አደሉን። አስካለ ከነካፖርቷ አጠለቀችውና እጆቿን ዘረጋች።

"ኳስ ተጫዋች መሰልኩ?"

"በረኛ" አልኳት። ሰብለ ለጓደኞቿ ስትተረጉምላቸው ባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሠርግ የምሄድ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

አዳራሹ ፍርድ ቤት ይመስላል። የምክር ቤቱ ሰዎች ከፍ ብሎ በተሠራ ቦታ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ሰብሳቢዋ አለች፤ ፀጉሯ ነጭ፣ ዐይኗ ስል። ብዙ ከጠበቅን በኋላ የዩኒቨርሲቲያችን ስም ተጠራ። እኔና አስካለ ብድግ አልን። በአገራችን ጉዳዩ የተጠራ ሰው ዳኛ ፊት ተቀምጦ አይሰማም።

ሰብለ እጅጌዬን ጎተተች። "ቁጭ በይ፣ ፕሊስ። ማንም አይቆምም።"

"የተጠራው የኛ ጉዳይ አይደል?"

ከኋላችን ያሉት ተማሪዎች ቀድሞ የታሰበ ነገር ስለመሰላቸው እነሱም ተነሡ። ቢጫ የለበሰ ሁሉ ቆመ።

የዩኒቨርሲቲው ሹም ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ስለ ሕንፃው ያስረዳል። ሰብለ በጆሮዬ ትተረጉማለች። ገንዘቡ ቢፈቀድ እንኳ ሕንፃው የሚያልቀው ከዓመታት በኋላ ነው አለ። እኔ ለመጪው መስከረም የሚደርስ መስሎኝ ነበር።

"አንቺስ?" አልኳት።

"እኔ አልደርስበትም። ለሚመጡት ልጆች ነው።"

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

ለማይደርሳት ነገር ቀን ከሌት ስትሮጥ ከርማለች። ኮራሁባት፤ ደሜም ፈላ።

ይኼኔ ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየችንና ለምን እንደቆምን ጠየቀች። ሰብለ በሐፍረት ላብ እያጠመቃት የአገራችንን ልማድ አስረዳች። አዳራሹ ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ ግን አልነበረም። ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ እኛ አልተመዘገብንም። ሰብሳቢዋ ግን "እናት፣ የሚሉት ካለ አንድ ደቂቃ ልስጥዎት" አለችኝ።

ሰብለን ይዤ ማይክሮፎኑ ጋ ቀረብኩ። "ሕንፃው ይሠራ። ልማር ብሎ የመጣ ልጅ ቦታ የለም ተብሎ መመለስ የለበትም" አልኩ። ሰብለ ተረጎመች። ሹሙ ፈገግ አለ።

እዚያ ላይ ባበቃ ሁሉም ደስ ይለው ነበር። ግን ሰብለ ቅዳሜ ላይብረሪ ስትሄድ አንዳንዴ አብሬያት እሄድ ነበር። ላቦራቶሪው ሁልጊዜ ጨለማ ነው፤ በሩም ተቆልፏል።

"ደግሞ ጠይቂልኝ። ሕንፃው እስኪሠራ ያለውን ላቦራቶሪ ቅዳሜ ለምን ይዘጉታል?"

ሰብለ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "እማማ፣ የኛ ሳይድ ናቸው" አለች በሹክሹክታ።

"ቢሆኑስ? ያለውን ሳያዳርሱ ሌላ ስጡን ይባላል?"

"ኤምባራስ ታደርጊያቸዋለሽ።"

"ተርጉሚ።"

ተረጎመች። ሰብሳቢዋ ወደ ሹሙ ዞረች። እሱም ቅዳሜ የሚያስተምር መምህር ማግኘት አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ግን እንደሚያስቡበት ተናገረ። "መቼ?" አለችው። ወረቀቱን አገላብጦ "ለሚመጣው ሴሚስተር" አለ።

ስንወጣ ሹሙ በአጠገባችን አለፈ፤ ሰላም አላለንም። በመልሱ ጉዞ ሰብለ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆየች። አስካለ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ገንዘቡን ቢከለክሏቸው ሕንፃውን እኔና አንቺ ልንሠራው ነው?"

"ዝም በይ፣ በረኛ" አልኳት። እኔም ግን ያንኑ ፈርቼ ነበር። ልጆቹ ዓመት ሙሉ የለፉበትን በአንድ አፍ አበላሽቼው ከሆነስ እያልኩ ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን ሰብለ ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። ትንፋሽ አጥሯታል።

"እማማ፣ ገንዘቡ ተፈቀደ።"

"እሰይ። አንቺስ?"

"ላቦራቶሪውን ሳተርዴይ ከፈቱ። ገባሁ። ሬጅስተር አደረግኩ።"

እልልታዬን ለቀቅኩት። ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ደንግጣ በሯን ከፈተች። በምን እንግሊዝኛ ላስረዳት? አቅፌ ሳምኳት። ምንም ሳይገባት እሷም አቀፈችኝ።

ሰብለ ዛሬ ነርስ ናት። በአዲሱ ሕንፃ ግን አንድ ቀን አልተማረችም፤ ተመርቃ ከወጣች በኋላ ነው ያለቀው። እኔ ያን ቀን በተናገርኩት አልጸጸትም። የሚገባውን የሚጠይቅ ሰው በእጁ ስላለውም ሊጠየቅ ይገባል።

በአውቶቡስ በዩኒቨርሲቲው በኩል ስናልፍ አስካለ አጠገቧ ለተቀመጠ ሐበሻ ሁሉ "ያንን ያሠራነው እኛ ነን" ትላለች። "ውሸት ነው፤ የለፉት ልጆቹ ናቸው፤ እኛ ትንሽ አግዘናል" እያልኩ አርማታለሁ። እርማቱን ከጨረስኩ በኋላ ግን አንገቴን አዙሬ፣ ሕንፃው ከዐይኔ እስኪሰወር አየዋለሁ።