ዳማ ዛሬም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ

ፈረሴ ዳማ ዛሬ ጠዋት ባዶ ጋሪ እየጎተተ መጥቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀጥ አለ። ብለው ብሠራው አልንቀሳቀስም አለ።

ልጄን ከዳንግላ መናኸሪያ ወደ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሸኝቼ መመለሴ ነበር። በክራንች ነው የምትሄደው፤ አራት ዓመት ሙሉ ወደዚህ ትምህርት ቤት በዚህ ጋሪ አመላለስኳት።

አባቷ ሞቶ ልጓሙን እኔ ስይዝ፣ ጋሪ ነጂዎቹ «እትዬ፣ ነጂው ማን ነው? አንቺ ነሽ ወይስ ፈረሱ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ፈረሱ ነበር።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ልጄ በመስኮት ብቅ ብላ «እማዬ፣ አታለቅሺም እንዴ?» አለችኝ።

«አልመጣልኝም» አልኳት።

«እኔ እኮ ሶፍት ይዤልሽ ነበር!» ብላ ሳቀች።

ይሄን ቀን ስለምነው ኖሬ፣ ሲመጣ ደስታም ኀዘንም የለኝም። እንዲሁ ደንዝዣለሁ።

ዳማ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይጠብቃል፤ እሷ ክራንቿን አስተካክላ እስክትወርድ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። አልገረፍኩትም። ለመውረድ የሚፈጅባትን ያህል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ «በል እንሂድ፣ ወርዳለች» አልኩት። ሄደ።

እናንተስ፣ ልጅ የሸኛችሁ ቀን እንዴት ሆናችሁ? እንዲህ የደነዘዘ ሰው ካለ እስቲ ይንገረኝ።