የእናቴ መልክ በመዳብ ላይ

አባቴ የሕትመት ባለሙያ ነው። ጋዜጣና መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የሚያትመው ሥዕል ነው፣ ያውም መዳብ በአሲድ እያስበላ። የሥራ ባልደረቦቹ «ጥቁር ጥፍር» ይሉታል፤ ቀለሙ ከጥፍሩ ሥር ለቆ አያውቅማ! እናቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። ነጭ ጨርቅ የዘረጋች ቀን ከበር ታስቆመውና «እስቲ እጅህን አሳየኝ!» ትለዋለች፣ ጡረታ ሊወጣ የደረሰውን ሰውዬ እንደ ተማሪ። እሱም ያሳያታል፤ እሷም ታባርረዋለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ተስማምተው ኖረዋል።

የማይስማሙበት ነገር ቢኖር የእናቴ ፎቶ ነው። ባየችው ቁጥር «ይቺ ደግሞ ማናት?» ትልና መቀሷን ታነሣለች። በሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ አባቴ ያገባው ብቻውን ነው፤ አጠገቡ የቆመው ቀሚስ አንገት የለውም። ግድግዳችን ላይ የሁላችንም መልክ ሞልቷል፣ የእሷ ግን የለም። እኔን ነገሩ ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን «ለልጆቼ አያታችሁ ይቺ ናት ብዬ ምን ላሳያቸው?» ብላት፣ «የሰፋሁልሽን ቀሚስ» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

አባቴ ጡረታው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቆርጦ ተነሣ።

«እናትሽ በገዛ እጇ የምትሰቅለውን ሥዕል ሳልሠራ ከዚያ ማተሚያ ማሽን አልለይም» አለኝ። «ካልሆነልኝ፣ ሙያዬ ለሰው እንጂ ለቤቴ አልሆነም ማለት ነው።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን አንጀቴን በላው።

ተቀመጪ ቢላት እሺ እንደማትል ስለሚያውቅ፣ መዳቡን ጥቁር ሰም ቀብቶ ቤት አመጣው። እሷ መስኮቱ ሥር ስትሰፋ እሱ ፊት ለፊቷ ጋዜጣ ተከልሎ ሰሙን በመርፌ ይጭራል። ሰሙ በተጫረበት መስመር መዳቡ ብልጭ ይላል፤ አሲድ ውስጥ ሲገባ የሚበላው ያ መስመር ብቻ ነው። ግራ ጉንጯ ላይ ያለችው ማርያም የሳመቻት ነጥብ፣ ስትስቅ ወደ ግራ የሚያዘነብለው ከንፈሯ፣ አንዱም አላመለጠውም።

«አንድ ገጽ አራት ቀን! ማንበብ ረሳህ እንዴ?» አለችው በአራተኛው ቀን። እሱ «ዜናው ከባድ ነው» ብሎ ገጹን እንኳ ሳይገልጥ ቀጠለ።

የጥላውን ሥራ ግን ሥራ ቤቱ ሄጄ አየሁት። እንደ ዱቄት የደቀቀ የጥድ ሙጫ መዳቡ ላይ ይነሰንስና ከሥር ያሞቀዋል፤ ዱቄቱ ቀልጦ በነጠብጣብ ይጣበቃል። አሲዱ በነጠብጣቦቹ መሃል እየገባ ሲበላ የሚወጣው መስመር ሳይሆን ጥላ ነው፤ በቆየ ቁጥር ይጠቁራል። ጉንጯ ብሩህ እንዲሆን አስቀድሞ በቫርኒሽ ሸፈነው። ከዚያ መዳቡን አሲድ ውስጥ ነክሮ ለፀጉሯ ጥላ ሰከንዱን ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ላናግረው ብል ገላመጠኝ፤ እኔም አርፌ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ቀለም ቀብቶ ትርፉን ጠረገ፣ እርጥብ ወረቀት አለበሰውና የማሽኑን መዘውር አዞረ። ወረቀቱን ከጥጉ ይዞ ሲገልጠው በደስታ ጮህኩ። አባቴ ግን ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ግራዋን ቀኝ አደረግኳት! የዕድሜ ልክ ሙያ፣ ታጥቦ ጭቃ!»

መዳብ ላይ የተሣለ ሁሉ ሲታተም ይገለበጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ በስስ ወረቀት ተሥሎ፣ ወረቀቱ ተገልብጦ መዳቡ ላይ የሚያርፈው። ይህን የዘነጋ ተማሪ ከእሱ ቁጣ አምልጦ አያውቅም። ሚስቱ ፊት ሲቀመጥ ግን ጥቁር ጥፍር ራሱ ረሳውና እንዳያት ሣላት። ነጥቧ ቀኝ ጉንጯ ላይ፣ ከንፈሯም ወደ ቀኝ። ባልደረቦቹ «ቆንጆ ናት፤ ግን እሷን አትመስልም» አሉት። እኔም ደግሜ ሳያት ባዳ ሆነችብኝ።

ሌላ መዳብ ለመጀመር ቀኑ አልቋል። ወረቀቱን ጠቅልሎ ቤት ገባና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሸሸገው። እናቴን ግን በቤቷ ውስጥ የተደበቀ ነገር አያመልጣትም። በማግስቱ እኔና እሱ ወጥ ቤት ሆነን የስፌት መኪናው ድምፅ ድንገት ቆመ።

«መቀሱን አነሣች!» ብዬ ሮጥኩ፤ አባቴም ተከተለኝ።

እናቴ ደንበኞቿ ልብስ በሚለኩበት ረጅም መስታወት ፊት ቆማለች። ሥዕሉን ከፊቷ አጠገብ ይዛ አንዴ እሱን፣ አንዴ መስታወቱን ታያለች።

«ስጪኝ፣ ልቅደደው» አለ አባቴ። «ተሳስቼ ነው፤ ገልብጬሻለሁ።»

«ምኑ ነው የተገለበጠው? እኔው ነኝ እንጂ!» አለችው። «ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ውስጥ የማያት ሴት ይቺው ናት። ፎቶ አንሺዎቹ ናቸው ሌላ ሰው እያመጡ የሚሰጡኝ።»

ያኔ ገባኝ። መስታወትም እኮ ይገለብጣል። እኛ የምናውቀውን ፊቷን እሷ አይታው አታውቅም፤ የራሷን የምታውቀው ተገልብጣ ነው። መዶሻና ምስማር አምጪ ብላኝ፣ ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ ሰቀለችው። ደስታዬን የት ላድርሰው!

አባቴ ከሥዕሉ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር፣ አንቺ የምታዪያትን ሴት አንድ ቀን እንኳ አይቻት አላውቅም» አላት።

«አሁን አየሃታ። እንዴት ናት?»

«ካንቺ አትበልጥም» አላት፣ እንባውን በክንዱ እየጠረገ።