የሸንተረሩ ቴርሞሜትር

ኦሪን ስታክሃውስ በረዶ ይወድ ነበር። መውደድ ስል እንደ ሌላው ሰው በመስኮት አይቶ «ሲያምር» ማለት አይደለም። ጓሮው ውስጥ ነጭ ቀለም የተቀባ ጣውላ አንጥፎ በየስድስት ሰዓቱ እየወጣ በማስመሪያ ይለካል፣ ይጠርጋል፣ ይጽፋል። የልጁ ሰርግ ቀን እንኳ ፎቶ አንሺው አባትዬውን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው፤ በኋላ ከነሙሉ ልብሱ ጣውላው አጠገብ ተንበርክኮ ተገኘ።

በፔንሲልቬንያ ተራሮች መሀል ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለው ሰው እሱ ብቻ አልነበረም። ወዳጁ ሜርል ሆስቴተርም አለ። ኦሪን ሸለቆው ውስጥ፣ ሜርል ሸንተረሩ ላይ ይኖራሉ። የደቡብ ሙቅ አየር ሲመጣ ከላይ ነው የሚገባው፤ ሸለቆው ገና በብርድ ሲንቀጠቀጥ የሜርል ቴርሞሜትር ቀድሞ ከፍ ይላል። እሱ ከፍ ካለ በረዶው ዝናብ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ሃያ ሁለት ክረምት ሙሉ ኦሪን ለሌላ ሰው ትንፍሽ ከማለቱ በፊት ወደ ላይ ይደውላል።

ከዚያ በኋላ ነው ለከተማው የሚናገረው። የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊ ወይዘሮ ብራንት ነገ ይዘጋ አይዘጋ የሚሉት እሱን ጠይቀው ነው። ዕድሜውን ሁሉ አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ለወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጎዳና ሲያልፍ «ምን ይመጣል?» የሚለው ሰው ብዙ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን ሳተ፤ ስምንት ኢንች ይሆናል ያለው በረዶ መሬቱን እንኳ ሳይሸፍን ቀረ። ወይዘሮ ብራንት በትሕትና፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ የትምህርት ቤቶቹ ቦርድ የአየር ትንበያ ኩባንያ ሊቀጥር መሆኑን ነገሩት።

የካቲት ላይ ትልቅ የበረዶ ማዕበል ሊመጣ ነው ተባለ። አምስት ቀን ሙሉ የአየር ትንበያ ኮምፒውተሮቹ አልተስማሙም። የአውሮፓው አሥራ አራት ኢንች ሲል የአሜሪካው ሦስት ይላል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ይገለባበጣሉ። ኦሪን አሥራ አራቱን ሲያይ ሾርባው ይጥመዋል፣ ሦስቱን ሲያይ ኮምፒውተሩን ይሰድበዋል። በረዶ ወዳዶች ሁሉ ይህ በሽታ አለባቸው፤ የሚያምኑት የሚፈልጉትን የነገራቸውን ነው። እሱም በሽታውን ያውቀዋል። መድኃኒቱ የሜርል ቴርሞሜትር ነበር።

በዋዜማው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደወለ። ከተማው ወተቱንና ዳቦውን ከሱቅ ጠርጎ ወስዷል። ልጆቹም ፒጃማቸውን ገልብጠው ለብሰው ሊተኙ ተዘጋጅተዋል፤ እንዲያ ከታደረ በረዶው አይቀርም ይባላላ።

«ላይ ስንት ነው?» አለ ኦሪን።

«ሃያ ስድስት» አለ ሜርል። «ድርቅ ብሏል።»

«ንቅንቅ አላለም?»

«ሃያ ስድስት ነው አልኩህ እኮ። ሂድና ንገራቸው።»

በአሜሪካኖቹ ፋራናይት በረዶ የሚቀልጠው ከሠላሳ ሁለት በላይ ነው፤ ሃያ ስድስት ማለት ለመቅለጥ ገና ብዙ ይቀረዋል። ኦሪን ያኔውኑ ለወይዘሮ ብራንት ደውሎ ከአንድ ጫማ በላይ ይጥላል፣ ዝጉ አላቸው። ዘጉ። ከዚያ ወደ ጆሊን ቁርስ ቤት ወርዶ የግምት ወረቀቱን ከባንኮኒው ጀርባ ካለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረ። የከተማው በረዶ ወዳዶች ደንብ እንዲህ ነው፦ ማዕበል ሲመጣ እያንዳንዱ ግምቱን ጽፎ ቤቱ ሳይዘጋ ያስገባል፤ ከግምቱ በታች የየራሱ ቴርሞሜትር ስንት እንዳለና በስንት ሰዓት እንደታየ ይሰፍራል። ማዕበሉ ሲያልፍ ጆሊን ትከፍተዋለች፤ ከሁሉ የሳተው ቁርስ ይጋብዛል።

ጠዋት ኦሪንን የቀሰቀሰው ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። ጣውላው ላይ ያገኘው አንድ ኢንች የማይሞላ የቀለጠ በረዶ ነበር። ሁለት ጊዜ ለካው። ቢደብቁት የሚብስ ነገር ስለሆነ ቁርስ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ ትምህርት የተዘጋላቸው ልጆች በዝናቡ ብስክሌት ይነዳሉ። ቁርስ ቤቱ ውስጥ አንዱ ጥቁር መነጽር አድርጎ «ኦሪን፣ በረዶህ ዓይኔን አጠፋው» አለው። ሳቁ። እሱም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

ጆሊን ቆርቆሮውን ከፈተች። የኦሪንን አነበበች፤ አሥራ አራት። ቀጥላ የሜርልን ገለጠች፤ ከሁሉ ልክ የሆነው እሱ ነበር። ወረቀቱን ለኦሪን ሰጠችው። በሜርል ትልልቅ ፊደል «አንድ ኢንች፣ ከዚያ ዝናብ። ሸንተረር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ሠላሳ አምስት ዲግሪ» ይላል።

ኦሪን ሰዓቱን ደግሞ አነበበው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። በረዶው መቅረቱ ምንም አልመሰለውም፤ ይሄኛው ግን አጥንቱ ድረስ ገባ።

«አሥር ሰዓት ላይ ነው የደወልኩልህ» አለው ባንኮኒው ላይ ቁርሱን ለሚበላው ሜርል።

«አውቃለሁ።» ሜርል ከእንቁላሉ ቀና አላለም።

«ታዲያ ለምን?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ‹እኔ እንደሚመስለኝ› ስትላቸው ሰማሁህ። አንድ ቀን ‹ሜርል እንደነገረኝ› ብትል ምላስህ ይቆረጥ ነበር? ያለ እኔ ምን ያህል እንደምታውቅ ይዩልህ ብዬ ነው።»

ኦሪን ሃያ ሁለቱን ክረምት በልቡ አገላበጠ፤ ስሙን የጠራበትን አንዲት ቀን ፈልጎ አጣ። ቢሆንም ክህደት ክህደት ነው። ሰው ቅር ካለው ፊት ለፊት ይሳደባል፣ ከፈለገም ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጋል፤ ወዳጁን በውሸት ቁጥር ገደል አይሰድም። በደንቡ መሠረት ሁሉንም ቁርስ ጋበዘ፤ ሜርልንም ጭምር። የሜርልን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ወይዘሮ ብራንት ደወሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

«አቶ ስታክሃውስ፣ እንዳይቀየሙኝ። ሸንተረሩ ላይ ያሉት ሰውዬ በትክክል ገምተው ነበር አሉ። ኩባንያ ከመቅጠራችን በፊት እሳቸውን እንሞክር ብለን ነው። ስልክ ቁጥራቸው ይኖርዎታል?»

ወረቀቱ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር። ቢያነብላቸው ሜርል ውሸታም መሆኑ ይታወቃል። ግን ሜርል እንዴት እንደዋሸው ለማስረዳት፣ እስከ ዛሬ ሲነግራቸው የኖረው ሁሉ ከማን ቴርሞሜትር እንደመጣ መናገር ሊኖርበት ነው። ጣውላውን በመስኮት አየው፤ ዝናቡ አጥቦታል።

«ይኖረኛል» አለ። ደብተር ሳያይ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ቀስ ብሎ ነገራቸው።