ባለቤቴ ናት የሠራችው

ቅዳሜ ቅዳሜ በስደት ከምኖርበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ አውቶቡስ እየቀያየርኩ፣ ከተማውን አቋርጬ እስከ ዌስተን የምሄደው ገበያው ደርቶ አልነበረም። በሰፈሬም የእጅ ሥራ የሚሸጥበት አዳራሽ አለ። ዌስተን ግን የሚያውቀኝ ሐበሻ የለም፤ ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነበር። የበግ ፀጉር ፈትዬ ኮፍያና ካልሲ የምሠራ ወንድ ነኝ። እኛ ዘንድ መፍተል የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ እንዝርት ይዞ ከታየ ሰፈርተኛው ለዓመት የሚስቅበት አገኘ ማለት ነው።

ያስተማረችኝ ባለቤቴ ናት። እኔ ታክሲ መንዳት ባቆምኩበት ሰሞን እሷን ጣቶቿን ቁርጥማት ያዛት፤ "ና እስቲ አንተ ሥራ ፈት፣ ይቺን አሹርልኝ" ብላ እንዝርቷን ሰጠችኝ። መጀመሪያ ላይ ክሬ ገመድ ያክል ስለነበር "መርከብ ልታስርበት ነው?" እያለች ትስቅብኛለች። መጋረጃ ዘግተን እኔ እፈትላለሁ፣ እሷ ሹራብ ትሠራለች። ኋላ ጣቶቿ ጭራሽ እምቢ ሲሏት ሹራቡንም እኔው ለመድኩት። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሞት ያልተፈተለ ፀጉር ሁለት ጆንያ ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። መጣል አልሆነልኝም። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ያንን አወጣሁና መፍተል ጀመርኩ።

ገበያ ላይ ማን ሠራው ሲሉኝ "ባለቤቴ ናት የሠራችው" እላለሁ። መጀመሪያ ያልኩት ከሐፍረት ነው። ፈረንጆቹ ግን ጎበዝ ናት፣ ሰላም በልልን ይሉኝ ጀመር፤ እኔም እሺ እላለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ሚስቱ ቤት የምትጠብቀው ሰው ሆኜ እውላለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ብርዱ ሲጀምር አንዲት ሐበሻ ልጅ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። እዚህ አገር ገና መግባቷ ነው፤ ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ወረቀቱ ስላላለቀለት አልመጣም። ገንዘብ የለኝም፣ እናቴ የላከችልኝን ሽሮ ልስጥዎትና ኮፍያ ይስጡኝ አለችኝ። ተለዋወጥን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ በሶ አምጥታ ካልሲ ወሰደች፤ በሶው ለእኔ ሳይሆን ኮፍያውን ሠራች ላልኳት ባለቤቴ፣ እሷ እንደምትላት ለእማማ ነው። ባለቤቴን ቁርጥማት ያማታል ብያት ስለነበር በመጣች ቁጥር ተሻላቸው ወይ ትላለች። እኔም መልስ አላጣም፤ ዛሬ ደህና ናት፣ በሶው ጥሟታል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው በየሳምንቱ ይከብደኝ ነበር። ግን አልተውኩትም፣ ምክንያቱም ስለ ባለቤቴ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

አራት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ባዶ እጇን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ዱ ዴቴ፣ መውለጃ ቀኔ፣ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል" አለችኝ። "ነርሷ ማዋለጃ ክፍል አብሮሽ የሚገባ ሰው አለ ወይ ስትለኝ አለ አልኳት። እማማን አስቤ ነው። እንደሚያማቸው አውቃለሁ፣ ታክሲ እጠራላቸዋለሁ። ምንም አያደርጉም፤ አጠገቤ ሆነው ማርያም ማርያም ይበሉልኝ ብቻ።"

መፍተሉን ተክቻታለሁ። ምጥ ላይ ላለች ሴት ማርያም ማርያም ማለቱን ግን ልተካላት አልችልም። ስለዚህ ነገርኳት፤ ባለቤቴ ከሞተች ሦስት ዓመት እንደሆናት፣ ኮፍያውንም ካልሲውንም የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ በሶውንም ብቻዬን እንደበላሁት።

እንደ ወጉ ነፍስ ይማር አለችኝ። ከዚያ ጣቶቼን ስታይ ቆየች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ታዲያ ለእኔ ማን ይመጣልኛል?" አለች።

ሰው ላፈላልግልሽ፣ ስልክሽን ስጪኝ ማለት እንኳ ትዝ ያለኝ ተነሥታ ከወጣች በኋላ ነው። ተከትያት ስወጣ አውቶቡሱ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ይሄኔ ወልዳለች። እኔ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ማን ሠራው ሲሉኝ እኔ ነኝ እላለሁ፣ እስካሁን የሳቀብኝ የለም። ባለቤትህን ሰላም በልልን የሚለኝም የለም፤ እሱ የእጄ ነው፣ እችለዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያቺ ልጅ አራት ወር ሙሉ አጠገቧ የምትሆን ሴት አላፈላለገችም። እማማ አለችኝ ብላ ነበር።