ስልሳ አንድ ላይ የቆመው ድምፅ

ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥር ግን ከአውቶቡስና ከስልክ ለምጃለሁ፣ ያን ቀን የሆነውም የገባኝ በቁጥሩ ነው። ይቺን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት።

አባቷ፣ ልጄ፣ ቃሊቲ እኛው በር ላይ ፊልምና መንዙማ በፍላሽ የሚጭን ሱቅ አለው። የከባድ መኪና ሹፌሮች መንገድ ከመውጣታቸው በፊት እሱ ጋ ያስጭናሉ። ፊልሙን የሚያመጣው ቶረንት በሚሉት ነው። አንድ ሰው ዘንድ ያለውን ብዙ ሰው ቆራርሶ ይወስዳል፣ የወሰደውም በተራው ለሌላ ይሰጣል። ስንት ዓመት ያጠራቀመው በሺህ ይቆጠራል።

ከዚያ መሀል የኔም ነበረበት። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሹፌር ነበር። እሱ አይጽፍ፣ እኔ አላነብ። እና ከአሰብ መንገድ በሚመለስ ሹፌር እጅ ካሴት ይልክልኛል። ባንዱ ፊት መንዙማ ይላል። ስገለብጠው ለኔ ያወራል፦ ጎማ ፈነዳብኝ፣ የልጁ ሳል እንዴት ሆነ፣ ጣራውን ሳይዘንብ አሠሪ። ልጄ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ ገለበጠው። ካሴቶቹን ወንዙ ሞልቶ ቤት የገባ ክረምት ጭቃ በላቸው።

ከዚያ ልጄ መንዙማውን ለሚወድ ሰው ብሎ በዚያው በቶረንት አወጣው፣ ለኔ ያወራውን ደብዳቤዬንም አብሮ። ተጣላሁት። የሰው ደብዳቤ አደባባይ ይወጣል ወይ ብዬ።

«እማ፣ ስምሽን የት ጠራ? አንቺ ነው የሚለው» አለኝ እየሳቀ። «የሰማች ሁሉ የሷ ይመስላታል።»

ዘንድሮ ያ ቶረንቱን የሚያመጣለት ፕሮግራም ማስታወቂያ በማስታወቂያ ሆነ፣ ማሽኑንም እያነቀ አስቸገረው። ሁሉንም ወደ ሌላ አዲስ ፕሮግራም ላዛውር አለ። ፊልሙ ካለበት አይነሳም፣ አዲሱ የት እንዳለ ይነገረዋል እንጂ። ያኔ ከዜሮ ተነስቶ ይቆጥራል፣ መቶ ከደረሰ አገኘሁት ማለቱ ነው። እሱ ደንበኛ ሲጠራው እኔ አጠገቡ ስለምቀመጥ አስተማረኝ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ላድርገው ወይ የሚል መስኮት ከወጣ የግራውን መጫን። ብዙ ተጫንኩ። አንድ ሹፌር አይቶኝ፣ «እማማ፣ እርስዎም ኮምፒውተር ገቡ? ነገ ደግሞ መሪ ይጨብጣሉ» ብሎ አሳቀን። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

የመጨረሻው ቀን ግን ከጠዋቱ ደስ አላለኝም። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል። ለልጄ ስነግረው ሙቀት ነው አለ። አዲሱ ላይ ሁሉም መቶ ሞልቷል። የቀረው አሮጌውን ፕሮግራም ባዶ ማድረግ ነው። ሁሉንም ባንዴ መርጦ ሰርዝ ሲለው ከመንገድ ጠሩት። «መስኮቱን ታውቂዋለሽ» ብሎኝ ወጣ።

መስኮቱ ወጣ። የግራውን ተጫንኩ።

አሮጌው ባዶ ሆነ። ቀጥሎ አዲሱ ላይ መቶ መቶ የነበረው አንድ ባንድ እየቀላ ዜሮ ይል ጀመር። ልጄ ከደጅ ሲስቅ ይሰማኛል። ገብቶ አየና ቆመ። አልጮኸም።

«የግራውን ነው?»

«የግራውን።»

«ከታች ትንሽ ምልክት ነበር?»

«አላየሁም» አልኩ።

ተቀምጦ ራሱን ያዘ። ለካ ያ ምልክት ካለ ስሙን ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም ጭምር ነው የሚያጠፋው። ከሁለት ቀን በፊት የተበላሹ ፊልሞች ሲያጠፋ እሱ ራሱ አድርጎበት ነበር፣ ማሽኑ እንደያዘው ቀርቷል። እኔ ነኝ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም አለኝ። የጠፋውን ፈልጎ እንዳያወጣም አዲሱ ወዲያው በላዩ ላይ ሌላ ማምጣት ጀምሯል።

ፊልሞቹ እየተመለሱ ነው፣ ዓለም ሁሉ ዘንድ አሉ። የባለቤቴ ድምፅ ግን ያለው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። ማን እንደሆነ አናውቅም፣ ፕሮግራሙ የሩቅ አገር ባንዲራ ብቻ ያሳያል። ደብዳቤዬን ለባዕድ አሰማህ ብዬ የተጣላሁበት ያው ባዕድ። አሥራ ሁለት አለ፣ አርባ አለ፣ ስልሳ አንድ ሲል ባንዲራው ጠፋ፣ ቁጥሩም እዚያው ቆመ። የመጣው የተቆራረጠ ነው። «ጎማ ፈነዳብኝ» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ መሀል ላይ አንድ ቃል። አትክፈትብኝ አልኩት።

ይኸው ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ልጄ ማሽኑን አያጠፋም። መብራት ሲሄድ ካለበት ይሮጣል። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ብሷል፣ ሁሉን የያዘው ዲስክ አንድ ቀን ይሄዳል ይላል። ትናንት ባንዲራው ብቅ ብሎ ጠፋ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ልጄ ዛሬም ምሳ ላይ፣ የአባቴን ድምፅ በገዛ እጄ አጠፋሁ ሲል ሰማሁት።

ምልክቱን አይቼዋለሁ። በፊት በነበሩት መስኮቶች ላይ አልነበረም፣ ያን ቀን ነበር። ልጥራው ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ አታውቅም እንዳልባል አፈርኩና ተጫንኩ። ልጅቷ እዚህ ስትደርስ እጇን አቆመች። ጻፊው አልኳት፣ ጽፈሽ ስትጨርሺ ወስደሽ ለአባትሽ አንብቢለት።