ያለ ታፖ የገጠምኩት ቱቦ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ፊታቸው ተንበርክኬ የተሳደብኩትን፣ ጾም የሻርኩትን፣ ትንንሹን ሁሉ ስዘረግፍ፣ ይቺን ግን ዋጥ አደርጋታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ ለዚያ ይሆናል።

ስሜ ታደለ ነው። በያጅ ነኝ። ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ጥግ ላይ በርና መስኮት ስበይድ ነው ያረጀሁት። እትዬ አስካለ ከኛ ጋራዥ ሽቅብ፣ ወደ እንጦጦ ጋራ በሚወጣው ኮረኮንች ዳር፣ ጓሯቸው ውስጥ ጠጅ የሚጥሉ ሴት ነበሩ። የሰፈሩ ሠርግና ማኅበር ያለ እሳቸው ጠጅ አይሆንም። ጌሾውን ከብርዙ ጋር የሚያፈሉበት፣ ደረታቸው ድረስ የሚደርስ ትልቅ የስቴንለስ ድስት ነበራቸው።

ጭንቃቸው አንድ ነበር፤ ዓይናቸው። እንደ እድሜያቸው ደከም ብሏል እንጂ አልጠፋም። ግን ድስቱ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ለማየት በርጩማ ላይ ወጥተው እንፋሎቱ ላይ ያጎነብሳሉ። አንድ ቀን እንፋሎቱ ግንባራቸውን ላጠው። ልጃቸው ሮማን፣ "እማዬ፣ በቃሽ፤ ነይ ሲ.ኤም.ሲ እኔ ጋ ኑሪ" ማለት ጀመረች። እሳቸው ደግሞ ያን ጓሮ ከሚለቁ ሞታቸውን ይመርጣሉ። እናም እኔ ዘንድ መጡ።

"ታደለ፣ ሳላጎነብስ ከውጭ ሆኜ የማይበት ነገር ሥራልኝ" አሉኝ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ድስቱን ከታች ትበሳለህ፣ እጥፍ ቱቦ ትበይዳለህ፣ እሱ ላይ የብርጭቆ ቱቦ ሽቅብ ታቆማለህ። ድስቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቱቦው ውስጥም እኩል ይቆማል፤ ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። ግን ጌሾ ስብርባሪ አለው፣ ማር ሰፈፍ አለው። ዝቃጩ እየወረደ እጥፉን ይዘጋዋል። ከተዘጋ ደግሞ ቱቦው የያዘውን ይዞ ይቀራል፤ ድስቱ ቢደርቅም "ሙሉ ነኝ" ይላል። ስለዚህ እጥፉ ሥር ታፖ ይገባለታል፤ በእጅ የሚፈታ መድፈኛ ነው። ጠጅ በተጣለ ቁጥር እሱን ፈታ አድርጎ ማጠብ ነው።

እኔ ታፖውን አላስገባሁም።

ረስቼ እንዳይመስላችሁ። ጠፍቶብኝም አይደለም፤ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ በጣቴ እየነካካሁት ነበር። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከሬዲዮ በቀር ድምፅ አልነበረም። ታፖ ካለው እትዬ አስካለ ራሳቸው ያጥቡታል። ከሌለው ግን መፍቻ የያዘ ሰው መጥራት አለባቸው። ሰውየው ማን ነው? እኔ! በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየሄድኩ ቱቦው እጥፉ ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈትቼ፣ በሽቦ ጠርጌ እገጥመዋለሁ። ከዚያ "ቁጭ በል እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል" ይሉኛል። ብርሌ ይቀርባል፣ የሰፈሩ ወሬ ይመጣል፣ "ከሳህ፣ ምን እየበላህ ነው?" የሚለኝ ሰው አገኛለሁ። ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስም ይባል የለ? እኔም ለራሴ ቅዳሜን ቆረስኩ።

እሳቸው ቱቦውን እንዴት እንደወደዱት! ለመጣው ሁሉ "ታደለ ዓይን ሠራልኝ" እያሉ ያሳያሉ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀረሁ። ኮተቤ በር የምገጥምበት ሥራ ነበረኝና ሰኞ እሄዳለሁ አልኩ። ሰኞ ጠዋት እሳቸው ለሠርግ የታዘዘ ጥደው ኖሯል። ደወሉልኝ። "ታደለ፣ ያረረ ነገር ይሸተኛል፤ ቱቦው ደግሞ ሙሉ ነው። ና እስቲ።"

እየሮጥኩ ወጣሁ። ድስቱ ደርቆ፣ ማሩ ከሥር ከስሏል። ቱቦው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ገና ሳየው ገባኝ። በዚህ መሀል ሮማን በር አንኳኳች፤ እትዬ አስካለ ሊከፍቱላት ሄዱ። እኔና ድስቱ ብቻ ቀረን።

እዚህ ላይ ነው እጄ የረከሰው። ብሎኑን አላላሁት። ቱቦው ውስጥ የነበረው አመዱ ላይ ፈሰሰ። እጥፉን በሽቦ ጠረግሁ፣ መልሼ አጠበቅሁ። አንድ አባታችን ሆይ ተደግሞ አያልቅም፤ ያቺን ታህል ጊዜ ነው የፈጀብኝ።

ሮማን ገብታ አየችና፣ "እማዬ፣ ቱቦው ባዶ ነው እኮ!" አለች።

እትዬ አስካለ ጠጋ ብለው ብርጭቆውን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱት። "ሙሉ ነበር፤ እዚህ ድረስ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ታደለ፣ ስትመጣ ሙሉ አልነበረም?"

"ባዶ ነበር፣ እትዬ" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ የራሴን ጉድ እሳቸው ዓይን ላይ ለጠፍኩት። ምን ነበረበት "እኔ ነኝ፣ ታፖ ነፍጌዎት ነው" ብል? ይቆጡኛል፣ ይሰድቡኛል፣ ከዚያ ይስቃሉ። አውቃቸዋለሁ፣ ይስቁ ነበር።

"እንግዲያው ዓይኔ ነው" አሉ። አላለቀሱም። ሽርጣቸውን ፈትተው አጠፉትና በርጩማው ላይ አስቀመጡት።

ወሩ ሳያልቅ ሮማን ሲ.ኤም.ሲ ሦስተኛ ፎቅ ወሰደቻቸው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትላቸው "ቱቦው ነግሮኛል፣ ሐኪም ምን ይጨምርልኛል?" ብለው እምቢ አሉ። መርፌ ውስጥ ክር አያስገቡም፣ መንገድ ብቻቸውን አይሻገሩም፤ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። ድስቱን "ከኔ በላይ የተንከባከብከው አንተ ነህ" ብለው ሰጡኝ። አሁን አያት ኮንዶሚኒየም ሰገነቴ ላይ ቆሟል። ታፖውን አስገባሁለት፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ውሃ ሞልቼ አየሁት፣ ልክ ነው። ማን ይየው?

ወደ እሳቸው አልሄድኩም ብላችሁ ካሰባችሁ አላወቃችሁኝም። እሁድ እሁድ ከአያት በባቡር እሄዳለሁ። ክንዴን ይዘው ደረጃውን እንወርዳለን፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ጎረቤቶቹ "እንዲህ ያለ ደግ ሰው!" ይሉኛል። እሳቸውማ አንድ ቀን ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ሁሉም ሲያባብለኝ እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምነኛ በወደድኩ።

ለምን አልነግራቸውም? እፍረት ነው እላለሁ ለራሴ። ውሸት ነው። እንደሚያዩ ካወቁ የኔ ክንድ ምን ያደርግላቸዋል? ታፖውን የነፈግኋቸው ለዚህ ነበር፣ እውነቱንም የምነፍጋቸው ለዚሁ ነው። የፈለግሁትን ሰው አገኘሁ፤ ግን አጠገባቸው ተቀምጬ ብቸኝነቱ ያኔ ከሬዲዮው ጋር ከነበረው ይብሳል። የሚወዱት ሰው እኔ አይደለሁማ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ ዓይኑ የተሰረቀው የእናንተ አይደለም። ሰበብም የለኝም። ያለፈውን እሁድ ብቻ ልንገራችሁና ፍረዱ።

ደረጃውን እየወረድን ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የልጆች ብይ ወድቋል፣ የደረጃውን ሲሚንቶ የመሰለች አመዳም ብይ። እኔ አላየኋትም። እሳቸው እግራቸውን ከፍ አድርገው አለፏትና፣ "ታደለ፣ ብይ አለ፣ እንዳትረግጥ" አሉኝ።

ምን እንዳሉ ራሳቸው ልብ አላሉትም። እኔ ቆምኩ። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው።

"እትዬ፣ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ይያዙ" አልኳቸው።

ያዙኝ።