አማቴ ያሹት አውራ ጣት

አማቴ በቴፒ ዙሪያ ስማቸው የተጠራ ወጌሻ ናቸው። እኔ የሚዛን ከተማው አስተማሪ ደግሞ የእግሬን አውራ ጣት ለማውለቅ ከአገር ሁሉ የእሳቸውን የቡና ማሳ መረጥኩ። ዝናብ ነበር፤ በነጠላ ጫማ ቁልቁል ስወርድ ሥር ጠለፈኝና ተዘረርኩ።

አማቴ ደርሰው እዚያው ጭቃው ላይ ጣቴን ይዘው ጎተቱኝ። ጮህኩ። ገባ አሉ። እኔም ገባ አልኩ፤ አማት ገባ ካሉ አልገባም የሚል አማች የት አለ?

አልገባም ነበር። ጣቴ እጁን እንዳወጣ ተማሪ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። አማቴ በየእሑዱ ሚኒባስ ተሳፍረው እየመጡ በቅቤ ያሹኛል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ቀለል ብሎኛል እላለሁ። የቀኝ ጫማዬን አፍንጫ በቢላ ቀድጄ ለጣቴ መስኮት አወጣሁለት። ባለቤቴ ሐኪም ቤት ሂድ ብትለኝ፣ አባትሽን በሰው ፊት ላዋርዳቸው ወይ ብዬ ተቆጣኋት። አራት ወር እንዲህ አነከስኩ።

በመጨረሻ ሰሌዳ ፊት መቆም ሲያቅተኝ ተደብቄ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ እንዲህ የቆየ ውልቃት በእጅ እንደማይመለስ፣ ተከፍቶ በሽቦ መያዝ እንዳለበት፣ አሁንም ከዘገየሁ ዕድሜ ልኬን እንደማነክስ ነገረኝ። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ከቀዶ ጥገናው ይልቅ የፈራሁት አማቴን ነው። ባለቤቴን፣ ለአባትሽ ጅማ ለሥልጠና ሄዷል በያቸው ብዬ ለቀዶ ጥገናው ተኛሁ።

በማግስቱ ዓይኔን ስገልጥ አማቴ ከአልጋዬ ግርጌ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ነግራቸዋለች። የሽቦው ጫፍ ከፋሻው ብቅ ብሎ ነበርና ብርድ ልብሱን ልስብበት ስል እጄን ያዙኝ። ስለ ጅማ፣ ስለ ሥልጠናው ብዙ ቀባጠርኩ።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «አለመግባቱንማ ያን ዕለት እጄ አውቆታል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?»

«ቀለለኝ ስትለኝ ጊዜ አፈርኩ። በየእሑዱ የምመጣው፣ ዛሬስ እውነቱን ይነግረኛል እያልኩ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ስፌቱ እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሐኪሙ ሊያየኝ ሲገባ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛና አስታማሚ ሁሉ እየሰማ፣ «ይህን ጣት ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉት። አንገቴን ደፋሁ።